በዛብህ ነፍስ ነበረው ወይ?

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ባለፈው ወር ፍቅር ሐይቅ ዳር ተሰብስቦ ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወያይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ከተነሣም በኋላ ሳይቀመጥ ቀረ። ያነሣው ክርክር ከጀመረ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የማይለቅ ወዳጃችን ነው። «ነፍስ የሚባል ነገር ከሌለ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ምንድን ነው? ደምና ሥጋ መፈላለጉ ብቻ አይደለም ወይ? እንግዲያው ነፍስ የለም የሚል ሰው ይህን መጽሐፍ አንብቦ ቢያለቅስ እንባው የውሸት ነው» አለ። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የነበረው ሌላው ጓደኛችን መልስ አልሰጠም። ተነሣ፤ ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ሣር አራገፈ፤ ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ ብቻውን ሄደ።

ነገሩን በክበባችን ያለን እናውቀዋለን፤ አንባቢ ግን ላያውቅ ይችላልና እንንገረው። የሄደው ጓደኛችን እናቱ ከሞቱ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። እሱ ደግሞ ማመን ካቆመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ አልደበቀውም፣ አልሰበከውምም። ለቅሶ የመጣው ሰው «ነፍስ ይማር» ባለ ቁጥር አንገቱን ይደፋል እንጂ «አሜን» አይልም ነበር። ይህንንም ያስተዋሉ አስተውለዋል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የተወረወረው ጥያቄ መጽሐፉን አልፎ ሰው መታ። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ በኋላም አዝኗል። ቢሆንም ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጥፎ ሰዓት ስለተጠየቀ ብቻ የሚጣል አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ነፍስ አለች ወይስ የለችም ብለን ልንፈርድ አልተነሣንም፤ ይህ ከዕድሜያችንም ከዕውቀታችንም በላይ ነው። የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ ሰው ለመውደድ፣ ለማዘንና «ሕይወቴ ትርጉም አላት» ለማለት በነፍስ ማመን የግድ ያስፈልገዋል ወይ? ለዚህ ደግሞ ክርክሩን ካስነሣው መጽሐፍ የተሻለ መፈተኛ አላገኘንም።

አስቀድመን ግን ለወዳጃችን የሚገባውን እንስጠው። ክርክሩ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም፤ በአገራችን ቋንቋም ጥንቅቅ ብሎ ተጽፎለታል። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ»ን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። የሐተታው ባለታሪክ በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተነሣው የሃይማኖት ጠብ ሸሽቶ፣ ሁለት ዓመት ያህል በዋሻ ተቀምጦ፣ በኋላም እንፍራዝ ገብቶ የኖረ ሰው ነው። መጽሐፉን በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይስ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችን የነበረው ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ፈጠረው የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ከከፈተው ወዲህ አልተዘጋም። ሚትቮክ በ1934 እ.ኤ.አ. የኮንቲ ሮሲኒን ወገን ይዟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊው ተሟግተዋል። እኛ እዚህ ውስጥ አንገባም። ማንም ይጻፈው፣ ሐሳቡ እነሆ ፊታችን ነው።

ሐተታው በራሳችን አባባል ሲቀርብ እንዲህ ይላል። ሰው በዚህ ዓለም ምኞቱን ጨርሶ አያገኝም፤ የቱንም ያህል ቢያገኝ ልቡ ሌላ ይሻል። ደጉ ሲጎዳ ክፉው ሲደላው እናያለን፤ ሚዛኑ እዚህ አይስተካከልም። ፈጣሪ ደግሞ በሰው ልብ ውስጥ ከንቱ ምኞት አልተከለም። ስለዚህ ምኞቱ የሚሞላበትና ፍርዱ የሚቀናበት ሌላ ሕይወት መኖር አለበት፤ ነፍስም አትሞትም።

ይኼ እንግዲህ ቀላል ክርክር አይደለም። ከስሜት ተነሥቶ ወደ ነፍስ የሚሄድ ነው፤ «የምመኘው ከዓለም ይበልጣልና እኔም ከዓለም እበልጣለሁ» እንደ ማለት። ወዳጃችን ሐይቁ ዳር የተናገረውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እሱ ከኋላ ወደ ፊት መሄዱ ነው፤ ነፍስ ከሌለች ስሜቱም የለም አለ። ልብ በሉ፤ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን አላለም። እሱ የሰውን ምኞት እውነተኛነት አስቀድሞ ተቀብሎ ነው ወደ ነፍስ የተሻገረ። ምኞቱ እውነት ነው ለማለት ነፍስን አልጠበቀም፤ እንዲያውም ነፍስን ያስመሰከረው በምኞቱ ነው። ታዲያ ምስክሩ ውሸታም ከሆነ ፍርዱ እንዴት ይቆማል? ወዳጃችን የማያምነውን ሰው እንባ «ውሸት» ሲል የራሱን ዋና ምስክር እያባረረ መሆኑን አላየም።

በዘርዐ ያዕቆብም ቢሆን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ረሃብ እህል የሚባል ነገር በዓለም መኖሩን ያሳይ ይሆናል፤ የተራበው ሁሉ ይበላል ማለት ግን አይደለም። ይህን በዚህ አገር ለተወለደ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ 1966 እና 1977 ዓ.ም. በቂ ናቸው። የሰብለ ወንጌል ምኞትም ከዓለም የሰፋ ነበር። ቤቷን ጥላ፣ በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ መንገድ ስትገባ ምኞቷ በዛብህ በሕይወት እንደሚጠብቃት አላረጋገጠላትም። ያገኘችው ወንበዴ ያቆሰለውን፣ ሊሞት የተቃረበውን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ መጽሐፉ እንግባ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስለ ባላባቱ ሥርዓት፣ ስለ ጉዱ ካሳ፣ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ብዙ ተጽፏል። በየፈተናውም «ጉዱ ካሳ የአዲሱ ትውልድ ድምፅ ነው፤ አብራራ» እየተባለ ተሰልችቷል። ስለ አንዲቷ «እስከ» ግን ያን ያህል ሲነገር አልሰማንም። ደራሲው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ ቃል በከንቱ አይጥልም። «ፍቅር ከመቃብር ወዲያ» ማለት ይችሉ ነበር፤ «ፍቅር እስከ ዘለዓለም» ማለትም ይችሉ ነበር፤ ለክርስቲያን አንባቢ ይህ ይበልጥ ይጥም ነበር። እሳቸው ድንበሩን መቃብር ላይ ተከሉት። «እስከ» የሚሄዱበትን ርቀት ያሳያል፤ የሚቆሙበትንም ያሳያል።

ይህን ስንል ሀዲስ ዓለማየሁ ነፍስን ክደዋል ማለታችን አይደለም! እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም፤ እኛ ግን አንልም። በመጽሐፉ ውስጥ የሚያምኑ ሰዎች ሞልተዋል፤ እምነታቸውም ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ስለቱ ባይኖር በዛብህ አንድ ድሃ ደብተራ ሆኖ የባላባት ልጅ በመውደዱ ብቻ የተጎዳ ሰው በሆነ ነበር፤ ታሪኩም የመደብ ታሪክ ሆኖ ባለቀ። ስለቱ ስላለ ግን በሁለት ጌታ መካከል ወደቀ። ሰብለን ቢመርጥ የእናቱን ቃል ሊያፈርስ ነው፤ ቃሉን ቢመርጥ ሰብለን ሊያጣ ነው። በነፍሱ የማያምን በዛብህ እንዲህ አይሠቃይም፤ «ስለቱን የተሳሉት እናቴ፣ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ይገላገላል። ሰብለም ባታምን ኖሮ ከእሱ ሞት በኋላ ቆብ መጫኗ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ ለወዳጃችን ግማሹን እንለቅለታለን። ይህ ትራጄዲ በነፍስ የሚያምኑ ገጸ ባሕርያት ያስፈልጉታል። እምነቱን ከውስጡ ብናወጣው ቤቱ ይፈርሳል። የማንለቅለት ሌላኛውን ግማሽ ነው፤ መጽሐፉ የሚያምን አንባቢ አያስፈልገውም። በዛብህ ስለቱን መፍራት አለበት፤ እኛ ግን እሱ መፍራቱን ማወቅ ብቻ ነው የሚገባን። የሰው ጭንቀት እንዲገባን ጭንቀቱን መሸከም አይጠበቅብንም፤ ክብደቱን ፊቱ ላይ ማየት ይበቃል። የግሪኮችን ተውኔት የሚያነብ ማን በአጵሎን ያምናል? የኤዲፐስ ሥቃይ ግን አሁንም ያንገበግበናል።

አንድ ነገር ጨምረን እንጠይቅ። በመጽሐፉ ውስጥ ያ ሁሉ ስሜት የት ነው የተቀመጠው? ደጋግመን ስናነብ ያገኘነው ሰውነት ላይ ነው፤ በመንቀጥቀጥ፣ በመደንገጥ፣ ቃል በማጣት፣ በእንባ። ደራሲው ፍቅርን ሲያሳዩን የሚያሳዩን አካል ነው። ይህም የደራሲው ብልሃት ብቻ አይመስለንም፤ አማርኛ ራሱ እንዲህ ነው የሚናገር። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፤ ስንሰጋ ሆዳችንን ባር ባር ይለናል። ስናዝንለት አንጀታችንን ይበላናል፤ ደስ ሲያሰኘን አንጀታችንን ያርሰናል። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል፤ ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል፤ ተስፋ ስንቆርጥ ወሽመጣችን ይበጠሳል፤ ስንከዳ ልባችን ይሰበራል። አንድ ሥጋ ሻጭ የሚያውቀውን የሆድ ዕቃ ሁሉ አዝነንበትና ተደስተንበት ጨርሰነዋል።

ነፍስስ? ነፍስ አማርኛችን ውስጥ ሌላ ሥራ አላት። የታመመው ሲሻለው ነፍስ ይዘራል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ነፍስ ያውቃል፤ እርጉዟ ነፍሰ ጡር ናት፤ ገዳዩ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የሚያጣጥረው ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነው፤ የሞተውን ነፍሱን ይማረው እንላለን። ሕይወትን መጀመር፣ ሕይወትን መያዝ፣ ሕይወትን ማጣት ነው የነፍስ ሙያ። «ፍቅረኛውንስ ‹ነፍሴ› የሚላት?» የሚል ይኖራል። ይላታል፤ ግን «ሕይወቴ» ማለቱ እኮ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ተፈጠረ ብለው ሲያስተምሩ ሦስቱን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏቸዋል፤ የምታስብ፣ የምትናገር፣ የምትኖር። «የምታዝን» የምትል አራተኛ የለችም። የቆሎ ተማሪ የነበረ ጓደኛችን ይህን ስናነብለት «ለባዊት ውስጥ ትገባለች» ብሎ ተከራክሮናል፤ ልክ ሊሆን ይችላል። ክርክሩን አልጨረስነውም።

ቋንቋ ምስክር ይሆናል እንጂ ዳኛ አይሆንም፤ ስለዚህ ከዚህ ተነሥተን ነፍስ የለችም አንልም። ነገር ግን በሌላ አገር ሊቃውንት ብዙ ደክመው የደረሱበት ነገር በእናቶቻችን አፍ ውስጥ ተቀምጦ ማግኘታችን አስደንቆናል። ዘመኑ ከዘርዐ ያዕቆብ የማይርቀው ዴካርት በ1649 እ.ኤ.አ. ስለ ነፍስ ስሜቶች ባሳተመው መጽሐፉ ነፍስና ሥጋ የሚገናኙት አንጎል መካከል ባለች ትንሽ ዕጢ ነው ብሎ ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ደግሞ በ1884 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው፤ ስላዘንን አናለቅስም፣ ስላለቀስን እናዝናለን እንጂ፤ ሰውነት ይቀድማል፣ የስሜቱ ስም ይከተላል አለ። ጄምስ ነገሩን አጋንኖታል የሚሉ አሉ፤ እኛም ሳናጋንን አንቀርም። ግን ሰውየው አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ግማሽ ገጹን በቆሽትና በሐሞት በሞላው ነበር።

አሁን ወደ ሄደው ጓደኛችን እንመለስ፤ ምክንያቱም ለዚህ ክርክር የተሻለውን ማስረጃ ያገኘነው ከእሱ ቤት ነው። እናቱ ፊደል አልቆጠሩም። ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ እንጀራ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ከእኛ ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በተሻለ ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱም በልጅነታቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ሰምተውታል፤ በኋላም በተደገመ ቁጥር አላመለጣቸውም። ታሪኩን ለልጆቻቸው ሲያወሩ «በዛብህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን እንዲህ ሆነላችሁ...» እያሉ ይጀምሩ ነበር። የሞተ አጎት እንደሚነሣ ነው የሚነሣው። ልጆቹ ብዙ ጊዜ በዛብህን ዘመዳቸው አድርገው አድገዋል።

ወዳጆች ሆይ፣ እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዛብህ ነፍስ ነበረው ወይ? አልነበረውም። ሥጋም አልነበረውም። ቀለምና ወረቀት ነው፤ በሬዲዮ ሲሆን ደግሞ የአንድ ተዋናይ ድምፅ ነው። የሚማር ነፍስ፣ የሚፈርስ ሥጋ፣ የሚቆም ተዝካር የለውም። አልተወለደምና አልሞተም። እኒያ ሴትዮ ግን አልቅሰውለታል፤ ነፍሱን ይማረውም ብለዋል። ወዳጃችን እንደሚለው ስሜት እውነተኛ የሚሆነው የሚወደደው ሰው ነፍስ ሲኖረው ከሆነ የእሳቸው እንባ ከማንም እንባ ይልቅ ውሸት ሊሆን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ሳያጎድሉ የጾሙ አማኝ ነበሩ። እንዲህ ያለውን እንባ ውሸት ብሎ የሚደፍር ከክበባችን አንድም የለም፤ ጠያቂው ወዳጃችን ራሱ አይደፍርም።

«ያዘኑት እሳቸው ነፍስ ስላላቸው ነው፤ የተለቀሰለት ባይኖረውም ያለቀሰው አለው» ሊባል ይችላል። ይሁን። ግን ከዚያ በኋላ ክርክሩ በነፍስ ስለ ማመን መሆኑ ቀረ። ነፍስ ካለች ለሚያምነውም ለማያምነውም አለች፤ የማያምነውም ያለቅሳል ማለት ነው። ከሌለችም ሁለቱም ያለነፍስ ሲያለቅሱ ኖረዋል። በየትኛውም በኩል ብንሄድ የጓደኛችን እንባ ከእናቱ እንባ የሚያንስበት መንገድ አልታየንም።

የሕይወት ትርጉም ጉዳይ ይከብዳል፤ በእንባ አይለካም። በዚህ በኩል አገራችን የማትወደው ትልቅ ፈተና አሳልፋለች። በ1960ዎቹ በዩኒቨርሲቲ የነበሩት ታላላቆቻችን፣ ብዙዎቹ፣ ከቄስ ትምህርት ቤትና ከጸሎት ቤት ወጥተው ማርክስን ያነበቡ ነበሩ። ነፍስ የገዢ መደብ ተረት ናት ብለው የጻፉም ነበሩባቸው። የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ሲገደል ሬሳውን ተሸክመው የቆሙት ተማሪዎች ላይ ተተኩሷል። ከዚያም 1969 እና 1970 መጣ፤ ቀይ ሽብር። ሌላ ዓለም ይጠብቀኛል ሳይል፣ ለማያየው ነገ ብሎ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሞተ ወጣት ስንት ነው? በነፍስ የማያምን ሰው ሕይወቱ ባዶ ናት የሚል እነዚህን ልጆች ምን ይላቸዋል?

ሆኖም እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚነግሩን። ገዳዮቹም እኮ ያንኑ መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። እነሱም ሕይወታቸው ትርጉም ነበራት፤ ትርጉሙም ሌላውን መግደል አስፈቅዷቸዋል። ትርጉም ያለነፍስ መኖር መቻሉን አየን፤ ትርጉም መኖሩ ብቻ ግን ሰውን ደግ እንደማያደርገው አብረን አየን። በነፍስ ስም የተካሄዱት ጦርነቶችም ይህንኑ ያስተማሩ ናቸው፤ ዘርዐ ያዕቆብን ዋሻ ያስገባው ማን ሆነና!

ከዚያ ዘመን እኛን ይበልጥ የሚይዘን ሌላ ነገር ነው። ከሕይወት የተረፉት ደጋግመው እንደመሰከሩት፣ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ደረት መምታት ቀርቶ ጮክ ማለት ያስጠረጥር ነበር። ነፍስ የለም ብሎ የሚያስተምር መንግሥት ለምን እንባ ፈራ? እንባ የሥጋ ውሃ ከሆነ ምን ያስፈራዋል? የፈራው እናትየዋ ልጇ ወዴት እንደሄደ ስለምታምነው ነገር አይመስለንም። የፈራው «ይህ ሰው ነበረ፤ ተጎድቶብኛል» ማለቷን ነው። ለቅሶ በመጀመሪያ ይኸን ነው የሚለው፤ ነፍሱ የት ናት የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ለእሱ ደግሞ «እስከ መቃብር» እንኳ አልተፈቀደለትም፤ መቃብሩ አይታወቅም። ቤተሰቡ እንግዲህ የቱ ጋ ቆሞ «እስከ» ይበል?

ወደ ሀዋሳ እንመለስና እንጨርስ። ጓደኛችን «አሜን» ባለማለቱ የታዘቡት ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል። በዚያው ድንኳን ውስጥ «ነፍስ ይማር» ያላሉ ሌሎችም ነበሩ። ከተማችን የጴንጤውም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የካቶሊኩም፣ የሙስሊሙም ከተማ ናት፤ እድሩም የጋራ ነው። ፕሮቴስታንቶቹ ጎረቤቶች ለሞተ ሰው ነፍስ አይጸልዩምና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡ። በነፍስ ግን ያምናሉ፤ እንዲያውም አጥብቀው። ሙስሊሞቹ «አላህ ይርሐማቸው» አሉ። አንዱ ቃል ለሁሉም የእምነት መፈተኛ ቢሆን ግማሽ ድንኳን በወደቀ ነበር። የእድሩ ሹም ስም ሲጠሩ የጠየቁት ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ነው። ጓደኛችን ደግሞ ሦስቱንም ሌሊት ሳይተኛ አግዳሚ ሲያመላልስ፣ ለሽማግሌዎች ውሃ ሲያቀርብ ነበር። አርባውንም እናቱ ይወዱ እንደነበረው አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አስፈጽሟል። «የማታምንበትን ለምን አወጣህ?» ያለው ሰው ነበር። «እሷ ታምንበታለች» አለ፤ «ታምንበት ነበር» አላለም። አባባሉን እዚያው አስተውለነዋል።

ይህ መልስ ለኛ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ የሚጠበቀው መልስ ነው። የሰብለን ቆብ የሚያከብር አንባቢ ቆቡን ራሱ መጫን የለበትም፤ የምትወደውን ሰው እምነት፣ እምነቱ የአንተ ባይሆንም፣ መሸከም ይቻላል። ጉዱ ካሳ እንኳ ያን ሁሉ ልማድ እየነቀፈ፣ እብድ እየተባለ፣ ሁለቱን ልጆች ከመውደድ አልተመለሰም፤ መጀመሪያ ስለ ነፍስ እንስማማ ብሎ አልጠበቀም። እርግጥ የማያምነው ሰው የሚያጣው ነገር አለ፤ አንክድም። እናቱን እንደገና አያለሁ ብሎ አይተኛም። ሐዘኑ ወራጅ ወንዝ ሳይሆን እንደ ሐይቃችን ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል የሚወጣበት ግልጽ መንገድ የለውም። ለአማኞች ጓደኞቻችን ይህ መጽናናት የሌለበት ኑሮ ሊያሳዝናቸው ይችላል፤ ልክ ናቸው። «አያዝንም» ማለት ግን ሌላ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማባዣ ከመስጠታችን በፊት ለጓደኛችን አነበብንለት፤ የእናቱ ነገር ስላለበት ሳንጠይቀው ማውጣት አልወደድንም። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ። ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ያልነው ረዝሟል አለ። ስለ ጄምስ ያልነውን አልወደደውም። ከዚያ አንድ እርማት ሰጠን፤ እናቱ ነፍሱን ይማረው ይሉ የነበረው ለበዛብህ ብቻ አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ ከሞተ ወዲህ ለተራኪውም ይሉ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። «አንዳንዴ የትኛውን እንደምትል አይለይም» አለን፤ «እኛም አንጠይቃትም ነበር።»